ከግድግዳው ማዶ ያለው መጋዝ

ኤልሞን ቹማ በመጋቢት ወር አንድ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሲለብስ የሸሚዙ ሦስተኛ ቁልፍ አልቆለፍ አለው። ቁልፉ ምንም አልሆነም። እምቢ ያለችው ቀኝ እጁ ነበረች። ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ትክ ብሎ አያቸው፤ ወዲያው ቀኝ እግሩም ከዳውና አልጋው ሥር ወደቀ።

እኔ ቤቴ ከነሱ የሚለየው በአንድ የብሎኬት አጥር ብቻ ነው። ማሲባንዳ ይሉኛል፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። የሚስቱን የማጉሜዴን ጩኸት ሰምቼ በአንድ እግር ጫማ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሆስፒታልም አብሬያቸው የሄድኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ማጉሜዴ አጥሩ ላይ ተደግፋ ነግራኛለች።

ኤልሞን ሠላሳ አራት ዓመት በቡላዋዮ ከተማ የባቡር ጥገና ውስጥ በእንጨት ክፍል ሠርቷል። የፉርጎ ወንበር፣ የፉርጎ በር፣ የመስኮት ክፈፍ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ "አሁን ደግሞ ደስ ያለኝን ልሥራ" አለና ከቤቱ ጋር ተያይዞ የቆመውን ጋራዥ የእንጨት ቤት አደረገው። መኪና ኖሮት አያውቅም። በመኪናው ቦታ አንድ ትልቅ ባንድሶ አቆመ፤ ስድስት ጎረምሳ ተሸክሞ ያስገባው፣ ከራሱ ከኤልሞን የሚረዝም አረንጓዴ ማሽን። ከላይና ከታች ሁለት ጎማ አለው፤ በሁለቱ ላይ እንደ ቀበቶ የተወጠረ ጥርሳም የብረት ጥብጣብ ይዞራል። ሌላው መጋዝ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ነው የሚያውቀው። በዚህኛው ግን እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተህ ወደ ጥርሱ እያቀረብክ እንዳሻህ ታዞረዋለህ። ኤልሞን ወርቃማውን የሙክዋ እንጨትና ከተነቀለ ሐዲድ ሥር የወጣውን ቲክ በዚህ ማሽን እያጎበጠ የወንበር መደገፊያና የአልጋ ራስጌ ያወጣ ነበር። ቲኩ እንጨት ነው ይባላል እንጂ ድንጋይ ነው። በሰፈራችን ውስጥ እሱ የሠራው ነገር የሌለበት ቤት አላውቅም።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥላ ነበር። አፉ ትንሽ ተጣሟል። ቃል አልጠፋበትም፤ ግን እየተንቀራፈፈ ስለሚወጣ አፍሮ ዝምታን መረጠ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ከግድግዳው ማዶ ጋራዡ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ እግሩን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ "ባባ፣ በል ግፋኝ" ትለዋለች። አንድ ቀን ስትወጣ በረንዳው ላይ ቆማ ለማጉሜዴ "እማማ፣ እግሩ እኮ ይችላል" አለቻት።

"ታዲያ ለምን አይቆምም?"

"እኔም ጠይቄው ነበር። ግድግዳውን ነው የሚያየው።"

ማጉሜዴ አጭር ናት፤ ክንዷ ግን የሸክም ሠራተኛ ክንድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች፤ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ግማሾቹ የለበሱት የእሷን ስፌት ነው። እሱን ከአልጋ አንስቶ ማስቀመጥ ለሁለታችን ነበር የቀረው። ሳሎን ያለው ሶፋ ደግሞ ጥልቅ ነው፤ አንዴ ከሰጠመበት ሁለት ሴት ጎትታ አታወጣውም። አንድ ቀን ወገቤ ቀጭ ብሎ ሦስት ቀን ጎብጬ ሄድኩ።

በሰኔ ብርድ መሐል ታናሽ ወንድሙ ሜሉሲ ከፕለምትሪ ገጠር በፒክአፕ መጣ። ሜሉሲ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የበላው ከማጉሜዴ ድስት ነው፤ ዛሬ እሱም ጢሙ ሸብቷል። በገጠር የበሬ ቀንበርና የመጥረቢያ እጀታ ይሠራል። የመኪናውን በር ሳይዘጋ ወደ ጋራዡ አየ።

"እትዬ፣ ማሽኑን ልወስደው ነው የመጣሁት።"

"ማን ሰጠህ?"

"ጋሼ ነዋ። በስልክ ጠይቄው እሺ አለኝ። ግቢና ጠይቂው።"

ገብታ ጠየቀችው። ኤልሞን ሳይዞር "ይውሰደው" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ማጉሜዴ ወጣች። እጆቿን ጎንና ጎኗ ላይ አድርጋ ሜሉሲ ፊት ቆመች።

"ዛሬ አትወስደውም። መጀመሪያ የምቆርጥበት ነገር አለኝ።"

"ማን? አንቺ?" ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የስፌት መኪና አይደለም። ጣት ይበላል!"

"የስፌት መኪናስ ጣት አይበላም ያለህ ማን ነው?" አውራ ጣቷን አፍንጫው ሥር ወሰደችለት፤ ጥፍሯ ላይ መርፌ የበሳው የቆየ ጠባሳ አለ። "ነሐሴ መጨረሻ ላይ ና።"

"ካልቆረጥሽስ?"

"ካልቆረጥኩ እኔው ራሴ አሸክምሃለሁ። አሁን ግባና ብላ፤ ፊትህ ጠውልጓል።"

ሜሉሲ ያችን ሴት እምቢ ማለት ለምዶ አያውቅም። ገብቶ የበቆሎ ገንፎውን በጎመን በላና ባዶ መኪናውን እያንገጫገጨ ሄደ።

ማታ ላይ አጥሩ ጋ ጠራችኝ። "ወንበር ልሠራለት ነው" አለችኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?"

ጤነኛ ነበረች። ኤልሞን ከዓመታት በፊት እግራቸው ለደከመ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወንበር ሠርቶ ነበር፤ መቀመጫው ከፍ ያለ፣ ክንዶቹ ወደ ፊት የረዘሙ፣ ሰው ክንዶቹን ተጭኖ ብቻውን የሚነሣበት። የዚያ ወንበር ቅርጽ ከስስ ኮምፐንሳቶ ተቆርጦ እስከ ዛሬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየአንዳንዱ ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ "ክንድ"፣ "የኋላ እግር"፣ "መደገፊያ"።

"በቃ ይኸው ነው" አለችኝ። "ፓተርኑ ካለ ምን ቀረ? ጨርቁ ጠነከረ እንጂ ሥራው ያው ነው።"

ሥራው ያው አልነበረም። መጀመሪያ የሞከረችው ከሳጥን የተረፈ የጥድ ጣውላ ላይ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የፈረቃው መብራት ሲመጣ የጋራዡን በር ከፈተች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፣ ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ እያጉረመረመ ተነሣ። ጣውላውን አስጠጋችለት። መጋዙ ሲነክሰው ደስ አላትና ገፋች። አሁንም ገፋች። ድምፁ ከማፏጨት ወደ ማቃሰት ተለወጠ፤ የተቃጠለ እንጨት ሸተታት።

ጓ! ጓ! ጓ!

ግድግዳው ነው። ማሽኑን አጥፍታ ሮጠች፤ ሽንቱ መጥቶበት መስሏት ነበር።

"ምን ሆንክ፣ የሲቴምቢሌ አባት?" አለችው፤ ሁልጊዜ በልጃቸው ስም ነው የምትጠራው።

ፊቱ እንደ ወትሮው ወደ ግድግዳው ነው። ግራ እጁ ግን ተጨብጣለች።

"አት... ግፊው።"

"ምኑን?"

"መጋዙን። ራሱ ይብላ። አንቺ... አቅርቢለት እንጂ... አታጉርሺው። እንጨቱን... ታሰቃዪዋለሽ።"

ወዲያው በአጥሩ በኩል ድምጿ መጣ። "ማሲባንዳ! ማሲባንዳ! ሰደበኝ!"

"ምን ብሎ?"

"እንጨት ታሰቃያለሽ አለኝ! ከዳር እስከ ዳር! ሙሉ ዓረፍተ ነገር!"

አጥሩን መሐላችን አድርገን ተቃቅፈን ሳቅን። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ከ"ውሃ" እና ከ"ተዪኝ" ውጭ ብዙ አልተናገረም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ግድግዳው ተናጋሪ ሆነ። በየቀኑ መብራት ሲመጣ እሷ ማሽኑን ታስነሣለች፣ እሱ ያዳምጣል፣ የማይጥም ነገር ሲሰማ ይደበድባል። እሷም አጥፍታ ትገባለች። "አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?" ትለዋለች። አንድ ቀን "ከላይ ያለውን መከላከያ አውርጂው፤ ከእንጨቱ በላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ይቅር" አላት።

"እንዳላወረድኩት በምን አወቅህ?"

"ጥብጣቡ ይንቀጠቀጣል። እሰማዋለሁ።"

ሌላ ቀን ጥብጣቡ እንደላላ ነገራት፤ ከላይ ያለውን እጀታ ሁለት ዙር አጠበቀችው። ደግሞ ሌላ ቀን ቁርጡን አጋምሳ ማሽኑ ሳይጠፋ እንጨቱን ወደ ኋላ ስትስበው ጥብጣቡን ከጎማው ልታወርደው ነበር። በዚያ ቀን ግድግዳው ላይ የነበረው የሠርግ ፎቷቸው በድብደባው ብዛት ወደቀ። "አጥፊና ነው የሚሳበው! አጥፊና!" ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ቃሉም አልተንቀራፈፈም።

ግን አይነሣም። እኔ አንድ ጊዜ ሻይ ይዤለት ገብቼ "ባባ ቹማ፣ ይህን ያህል ካሳሰበህ ሄደህ ብታየውስ?" ብለው ዓይኑን ጨፈነ። ሻዩም ቀዘቀዘ።

ሐምሌ ሲጋመስ ማጉሜዴ በጥዱ ሰለቸች። መስመሩን ይዛ መሄድ ለምዳለች። ለኋላ እግሮቹ ጠንካራ እንጨት ይሁን ብላ ጥግ ላይ ከተደረደሩት የሐዲድ ቲኮች አንዱን አወጣች። ውፍረቱን ጋራዡ ውስጥ ባለው በሌላው፣ ቀጥ ብሎ በሚቆርጠው መጋዝ አንድ ወጣት ጎረቤት ቀንሶላት ስለነበር ለባንድሶው ተመችቷል። ቅርጹን አስቀምጣ በልብስ ጠመኔ ዙሪያውን አሰመረች። ኤልሞንን ግን አልጠየቀችም። ጠይቃው ቢሆን ኖሮ ከሐዲድ የመጣ እንጨት በማግኔት ሳይዳሰስ መጋዝ እንደማይነካው ይነግራት ነበር፤ እነዚያ እንጨቶች ሆዳቸው ውስጥ ምስማር ተሰብሮ ይቀራል፤ ከላይ አይታይም።

እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ማሽኑ ደህና እየዘመረ ሳለ የመኪና ጎማ የፈነዳ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰው ድምፅ የለም። ሞተሩ ብቻ ባዶውን ይጮሃል።

አንሶላውን ጥዬ ሮጥኩ። የእኔ በር በወዲያ በኩል ነው፤ ዙሪያውን መዞር አለብኝ፤ ያቺን መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝማ አላየኋትም። እየሮጥኩ የማስበው ስለ ጣቶቿ ነበር።

ጋራዡ በር ላይ ስደርስ ማጉሜዴ ማሽኑ ፊት ቆማለች። ሁለት እጆቿ አየር ላይ ቀርተዋል። ጥብጣቡ ተበጥሶ በማሽኑ መክደኛ ውስጥ ተጠምዝዟል፤ እንጨቱ ግማሽ ድረስ ተቆርጧል፤ ከቁርጡ ውስጥ የምስማር ጉማጅ ያበራል። እሷ ግን ምስማሩን አላየችም። የምታየው ወደ ቤት የሚያስገባውን ትንሽ በር ነው።

በሩ ላይ ኤልሞን ቆሟል።

በፒጃማ ነው። ግራ እጁ የበሩን መቃን ጨምድዳ ይዛለች። ከትከሻው እስከ ዳሌው የኖራ ነጭ ሆኗል፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እየታከከ ነው የመጣው። ከአልጋው እስከ እዚያ ድረስ ስምንት እርምጃ ይሆናል። በአራት ወር ውስጥ አንዱን እንኳ ለብቻው ተራምዶ አያውቅም ነበር።

"እጅሽን!" አለ። "እጅሽን አሳዪኝ!"

ማጉሜዴ እጆቿን ወደ እሱ አዞረች።

"ቁጠሪ!"

"ደህና ናቸው፣ የሲቴምቢሌ አባት፤ አሥር ናቸው..."

"ቁጠሪ አልኩሽ!"

እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረና ማልቀስ ጀመረች።

"ምን ሆንሽ? ስምንተኛው የለም?"

"አለ! አለ! አንተ ቆመሃል እኮ!"

ኤልሞን ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ያኔ ነው መሰለኝ የገባው፤ ወዲያው ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ። አንድ የለስላሳ መጠጥ ሳጥን ጎትቼ ከኋላው አስገባሁለትና ሁለታችን ደግፈን አስቀመጥነው። ላብ በግንባሩ እየወረደ ነው። ትንፋሹን ሲሰበስብ ሁለታችንንም በተራ አየን።

"ማሽኑን አጥፉት እንጂ" አለ። "ሁለት አሮጊት ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ሞተሩ ይቃጠላል።"

በማግስቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ከአልጋው "ማጉሜዴ!" ብሎ ተጣራ። "ሳጥኑ ላይ ትራስ አድርጉበት" አለ። ደግፈን ወሰድነው። ከዚያ ወዲህ መብራት መጥቶ እሱ አልጋ ላይ የቀረበት ቀን የለም። የጤና ጣቢያዋ ልጅ ስትመጣ አልጋውን ባዶ አግኝታ ደንግጣ ነበር፤ እኔ ነኝ እጇን ይዤ ጋራዥ የወሰድኳት። ቆማ አየችውና "እኔ አራት ወር የለፋሁት በአንድ ምስማር ተበለጥኩ?" አለች።

ትርፍ ጥብጣብ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ማሰሪያው ሲፈታ እንደ እባብ ተወርውሮ ይዘረጋል። ማጉሜዴ በኤልሞን ወፍራም ጓንት ያዘችው፣ እሱ "ከፊትሽ አርቂው፣ ፊትሽን አዙሪ፣ አሁን ልቀቂው" እያለ አስፈታት። በሁለቱ ጎማዎች ላይ አስገባችው፣ አጠበቀችው፣ ማሽኑን በእጇ አዙራ አየችው። ላቧን ጠርጋ አንድ የሙክዋ ቁራጭ አስጠጋች። መጋዙ እንጨቱን ይልሰዋል እንጂ አይነክሰውም። ደጋግማ ብትሞክረውም ያው ነው፤ እንጨቱ ይዘላል።

ዞር ብላ ስታየው ኤልሞን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው። የታመመ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነበር።

"ጥርሱ... ጥርሱ ወደ ላይ ነው!" አለ፤ ሳቁ ምራቅ አስዋጠው። "ገልብጠሽ ነው ያስገባሽው! እንደ... እንደ ካልሲ ገልብጪው!"

"ቅድም አይተህ ዝም አልከኝ?"

"ልይ ብዬ ነዋ፣ ምን እንደምታደርጊ!"

ጓንቱን ወረወረችበት። ከደረቱ ላይ በግራ እጁ ቀለበው።

የወንበሩን ክንዶች ከሙክዋ ነው የቆረጡት። ሙክዋ ያምራል፤ ብናኙ ግን አፍንጫ ይፈጃል፤ ሁለቱም እርጥብ መሐረብ ፊታቸው ላይ አስረው ባንክ ሊዘርፉ የተነሡ ሽማግሌዎች መስለው ያስነጥሳሉ። ክንዱ ከፊት በኩል እጅ እንዲይዘው በጠባቡ ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያ ላይ ጥብጣቡ ሰፊ ስለሆነ አልዞር ይላል፤ ቢያስገድዱት ይጠመዘዛል። ኤልሞን እንዴት እንደሚደረግ ሊነግራት አፉን ሲከፍት እሷ ማሽኑን አጥፍታ ጠመኔዋን አንሥታለች። ከእንጨቱ ዳር እስከ መስመሩ ድረስ አጫጭር ቀጥ ያሉ ምልክቶችን አደረገች፤ እንደ ፀሐይ ጨረር። መልሳ አስነሣችና እነዚያን አንድ በአንድ ቆረጠች፤ መስመሩ ጋ ልትደርስ ስትል እያቆመች። ከዚያ ዋናውን ኩርባ ይዛ ስትዞር ትርፉ እንጨት ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ይወድቃል፣ መጋዙም ቦታ ያገኛል። ምንም ሳይቃጠል ዞረች።

ኤልሞን አንገቱን አስግጎ አየ። ማሽኑ ሲቆም "ማን አሳየሽ?" አላት።

"ምኑን?"

"ይህን። እኔ ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አለቃዬ ስንት ጊዜ በጥፊ ብሎኛል።"

"የተማሪ ኮሌታ ስንት ሺህ የሰፋሁ ይመስልሃል? ክብ ኮሌታ ከመገልበጡ በፊት ጠርዙ በመቀስ ካልተነካካ ይሸበሸባል። ይኸው ነው።"

የቆረጠችውን ክንድ ከእጇ ተቀበለ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል ቁጭ ብለሽ ይህን ታውቂ ነበር" አለ። እሷም "ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አለችው። ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም፤ አላዘነችም። ኤልሞን ያን ከሰዓት የቆረጠችውን ክንድ ጭኑ ላይ አድርጎ በግራ አውራ ጣቱ ኩርባውን ሲዳስስ መዋሉን ነው የነገረችኝ።

ወንበሩ ነሐሴ ሲገባ ቆመ። በኮላና በእንጨት ካስማ አያያዙት፤ እሷ ትመታለች፣ እሱ በግራ እጁ ይይዛል፣ መቆንጠጫውን ሞርሳ ያጠብቃል፣ ይጨቃጨቃሉ። ብርጭቆ ወረቀት ያሸነው እኔና እሷ ነን፤ የሙክዋው መልክ ሲወጣ የማር ቀለም ነው። ኤልሞን ሲቀመጥበት ክንዶቹን ጨብጦ ትንሽ ቆየ። ግራውን ተጫነ፤ ተነሣ፣ ግማሽ ደርሶ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። እኔ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ ማጉሜዴ ክንዴን ያዘችኝ። በሦስተኛው ቀኝ ክርኑንም ክንዱ ላይ ጣለና ተነሣ። ቆመ። ማንም አልነካውም።

ዞር ብሎ ወንበሩን ነቀነቀው። "አንድ እግሩ አጭር ነው" አለ።

"የማን?" አለች ማጉሜዴ። "የወንበሩ ወይስ ያንተ?"

ሜሉሲ በቀጠሮው ቀን መጣ። ሁለት ጎረምሶችና ገመድ ይዟል። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ማጉሜዴ ከፊት ታቀርባለች፣ ኤልሞን በሠሩለት የብብት ምርኩዝ ተደግፎ ከኋላ ቆሞ የሚወጣውን እንጨት በግራ እጁ ይቀበላል። ሜሉሲ ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

"ጋሼ! ቆመሃል!"

"አየህ?" አለ ኤልሞን። "ዘወር በል፤ ብርሃን ጋረድክብን።"

ሜሉሲ ወንድሙን አቅፎ አለቀሰ፤ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለቅሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ዓይኑን ሲጠርግ ግን ወደ ማሽኑ አየ፤ የመጣበት ነገር አልጠፋውም።

"እንግዲህ... ማሽኑን በተመለከተ፣ ጋሼ..."

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የምትቆርጥበት እሷ ናት። እሷን ጠይቅ።"

ሜሉሲ ወደ ማጉሜዴ ዞረ። እሷ ሰጋቱራውን ከጠረጴዛው ላይ በመጥረጊያ እየጠረገች ነው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ቃል ተገብቶልኛል። ቀንበሩን በእጅ መጥረብ ወገቤን ጨረሰኝ።"

"ካልቆረጥኩ ነው ያልኩህ። ቆርጫለሁ።" መጥረጊያውን አስቀመጠች። "ግንዱን ጫንና አምጣ። ቅርጹን በወፍራም ወረቀት ሥራልኝ፤ ቀንበርህን እኔ እቆርጥልሃለሁ። ማሽኑ ግን ከዚህ አይንቀሳቀስም።"

"የገጠር በሬ በቡላዋዮ ሴት የተቆረጠ ቀንበር ሲሸከም ምን ይለኛል?"

"በሬው አንገቱ ሳይላጥ ሲቀር ያመሰግንሃል" አለች። ጎረምሶቹ ሳቁ። ሜሉሲም ከአፍታ በኋላ ሳቀ፤ ገመዱን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ወረወረው። በወሩ ስድስት ቀንበር የሚወጣው ግንድ ጭኖ መጣ። ዛሬ በሁለት ወር አንዴ ይመጣል።

ቀኝ እጁ እንደ ድሮው አልሆነችም። አውራ ጣቷ ትንቀሳቀሳለች፤ ወረቀት ተጭና ትይዛለች፣ ሌላ አትሠራም። ባንድሶውን እሱ አይነካውም፤ በአንድ እጅ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ይህን ተቀብሎታል ማለት አልችልም፤ አንዳንድ ጠዋት ማሽኑ ፊት ቆሞ ማብሪያውን ሲያይ አግኝቼዋለሁ። ግን የሚቆረጠውን ቅርጽ በእርሳስ ይሥላል። በግራ እጁ መሣል ተምሯል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ማጉሜዴ በጠመኔዋ ታቃናዋለች። የጤና ጣቢያዋ ልጅ እግሯ ተይዞ ከሦስት ጎዳና ወዲያ ስለምትኖር አንዲት ባልቴት ነግራቸው ሁለተኛውን ወንበር ለእሷ ጀምረዋል። ሦስተኛም ይኖራል መሰለኝ፤ የቄሱ ሚስት ባለፈው እሑድ ማጉሜዴን ጥግ ይዛ ስታንሾካሹክላት አይቻለሁ።

ትናንት ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ለወጥ ቤት መደርደሪያዬ ሁለት ደጋፊ እንዲቆርጡልኝ ልጠይቅ ሄድኩ። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለቱ አንድ የሙክዋ ጣውላ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

"እዚህ ላይ ይስፋ" ይላል እሱ። "ባልቴቷ እጇ ትንሽ ነው ተብሏል" ትላለች እሷ። "ትንሽ እጅ ቢሆንስ፣ ክብደቷን የሚሸከመው እኮ ይሄ ነው!" "ክብደቷንማ አይቻለሁ፤ አንተ መቼ አየሃት?" "እንጨቱን አውቀዋለሁ!" "ሴትዮዋን ግን አታውቃትም!"

ያኔ ነው ያዩኝ። "ነይ እስቲ ፍረጂን፣ ማሲባንዳ" አለ ኤልሞን፤ ምርኩዙን ወደ ጣውላው እየጠቆመ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። መነጽሬን አስተካከልኩ። "እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለታችሁ ካላችሁት መሐል ላይ ቢሆንስ?" አልኳቸው።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝና በአንድ ድምፅ "አንቺ ደግሞ ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ!" አሉኝ። ማጉሜዴ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ሳበች፣ ኤልሞን ወደ ኋላ ሄዶ ግራ እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ ማሽኑም ተነሣ።